ጦሙን ያደረ መሬት የለም

ዛሬ የምጽፈው ስለ ሣር ነው። «አገሩ በዚህ ሁሉ ጣጣ ተወጥሮ አንተ ስለ ሣር?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው ታግሣችሁ አንብቡና ከዚያ ፍረዱኝ።

የእርሻ ወቅት በደረሰ ቁጥር ከዜና የማትጠፋ አንዲት ሐረግ አለች፤ «ጦሙን የሚያድር መሬት አይኖርም» የምትል። የወረዳው ኃላፊ ይላታል፣ የዞኑ ይደግማታል፣ ጋዜጠኛው ደግሞ (እኔም ጭምር፣ አልክድም) ሳይጠይቅ ይጽፋታል። ሰሚውም ደስ ይለዋል። መሬት ከታረሰ እንጀራ አለ፣ ካልታረሰ ረኃብ ነው፣ በቃ። «ጦሙን ያደረው የቱ መሬት ነው? ምን በቅሎበት ነበር? ማንስ ይበላው ነበር?» ብሎ የጠየቀ ግን አላጋጠመኝም።

ክርክሬ ይህ ነው። «ጦሙን ያደረ» እያልን ከምናርሰው መሬት ብዙው መስክ ነው። መስክ ደግሞ ባዶ ቦታ አይደለም፤ የራሱ ዕፅዋት፣ የራሱ ሥራና የራሱ ተጠቃሚዎች ያሉት መሬት ነው። መጀመሪያ በቃላችን ባዶ አደረግነው፤ ከዚያ በማረሻ ማጥፋቱ ቀላል ሆነ።

ከቤታችን በታች የነበረው መስክ

የተወለድኩት ሰሜን ሸዋ፣ ደጋ ላይ ነው። ከቤታችን በታች ሰፊ ጨፌ ነበር። ክረምት ውሃ ይተኛበታል። መስከረም ሲጠባ ማገጡ ነጭና ሐምራዊ ያብባል፣ ዳር ዳሩን አደይ አበባ ቢጫ ያደርገዋል። ሣሩ ሲደርስ ይታጨዳል፣ ድርቆሹ ይከመራል፣ በጋ ላይ ከብቱ ይሰማራበታል። አያቴ ክረምቱ ወጣ ሲል ከሴቶቹ ጋር ወርዳ አክርማና ሰንደዶ መርጣ ታመጣ ነበር። አድርቃ፣ ግማሹን ቀለም ነክራ አለላ አድርጋ፣ ወስፌዋን ይዛ በር ላይ ትቀመጣለች። እኛ ቤት የነበረው መሶብ፣ ሰፌድ፣ ሌማት ሁሉ ከዚያ መስክ የወጣ ነው። በአንዱ ዓመት ሸጣ ደብተርና ጫማ ገዝታልኛለች።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ቀበሌው መስኩን መሬት ለሌላቸው ወጣቶች አከፋፈለው። ድርሻ ካገኙት አንዱ ታናሽ ወንድሜ ነው። ይህን የምነግራችሁ ከሩቅ ሆኖ ገበሬውን የሚወቅስ ከተሜ እንዳትሉኝ ነው። ወንድሜ ሚስት አግብቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ በአባቴ ማሳ ጥግ ተጠግቶ ይኖር ነበር። አንድ ጥማድ መስክ ሲሰጠው «አልፈልግም፣ ማገጡ ያሳዝነኛል» ይበል? እኔም ብሆን አርሰው ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት ገብሱ ጉድ አሰኘ። ሁለተኛውም ደህና ነበር። መስክ ለዘመናት ያጠራቀመውን ለም አፈር ሲገለብጡት እንዲህ ይሰጣል። ሦስተኛው ዓመት ላይ ያለ ማዳበሪያ እንቢ አለ። ሙጃ ወረረው። ወንድሜ እንደ ሰዉ ሁሉ ቱ ፎር ዲ ገዝቶ ረጨ። ቱ ፎር ዲ የሚገድለው ቅጠለ ሰፊውን ነው፤ ሙጃ ግን ሣር ስለሆነ ምንም አላለው። የሞተው በማሳው ዳር ተርፎ የነበረው ማገጥና ገና ሳያብብ የደረሰበት አደይ ነው።

አራተኛው ዓመት ላይ አንዱን በሬ ሸጠ። ድርቆሽ የለም፣ ጭዱ አይበቃም፣ የፋጉሎና የፉርሽካ ዋጋ የሚቀመስ አይደለም። አሁን ከጎረቤት ጋር በመቀናጆ ያርሳል። ነገሩን አስቡት፤ በሬውን ያበላ የነበረውን መሬት አርሶ የሚያርስበትን በሬ አጣ። ጦሙን ያደረው እንግዲህ በሬው ነው።

ማረሻ መስክ ላይ ምን ያደርጋል?

የመስክ ሣር በአመዛኙ ከዓመት ዓመት የሚኖር ነው። ከብት ቢግጠው፣ ማጭድ ቢያርፍበት፣ ማቆጥቆጫው ከመሬት ጋር ተጣብቆ ስለሚተርፍ መልሶ ይወጣል። ከግጦሽ ጋር አብሮ የኖረ ተክል ነው። ማረሻ ግን ሥሩን ገልብጦ ለፀሐይ ይሰጠዋል፤ ያውም በአንድ ዓመት ሦስትና አራት ጊዜ።

«ዘሩ አፈር ውስጥ አለ፣ መሬቱ ሲያርፍ ይመለሳል» የሚል መልስ እሰማለሁ። አይመለስም፤ ቢያንስ በአንድ ሰው ዕድሜ አይመለስም። ብዙዎቹ ነባር ሣሮች ዘራቸው አፈር ውስጥ ብዙ ዓመት አይቆይም። ተቀብሮ ተራውን መጠበቅ የሚችልበት የእርሻ አረም ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የታረሰ መስክ ሲተው መጀመሪያ የሚበቅልበት የዱሮው መስክ ሳይሆን አረም ነው።

ይህን በደንብ የለኩት ሰዎች አሉ። በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ ሴዳር ክሪክ በሚባል የምርምር ቦታ፣ ታርሰው የተተዉ ማሳዎችን ለአሠርት ዓመታት የተከታተሉ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤታቸውን አሳትመዋል። እርሻው ቆሞ 91 ዓመት ካለፈ በኋላ እንኳ የዕፅዋቱ ብዝኃነት በአቅራቢያው ካለው ፈጽሞ ካልታረሰ መስክ ሦስት አራተኛ ገደማ ነበር። ምርታማነቱ ደግሞ ከግማሽ ብዙም አልዘለለም። ወንድሜ በአንድ ክረምት የገለበጠውን የልጅ ልጁም ላያየው ይችላል ማለት ነው።

ሳይታረስ የቀረው መስክም ከእርሻው ተጽዕኖ አያመልጥም። እንግሊዝ ውስጥ ሮትሃምስትድ በተባለ የምርምር ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ1856 ጀምሮ ሳይቋረጥ በአንድ የሣር መስክ ላይ ሙከራ ይካሄዳል። መስኩ ተሸንሽኖ እያንዳንዱ ቁራሽ የተለያየ ማዳበሪያ ያገኛል። ምንም ያልተጨመረበት ቁራሽ ላይ ዛሬም ከ30 በላይ የዕፅዋት ዓይነቶች አብረው ይኖራሉ። የአሞኒየም ማዳበሪያ በብዛት እየተጨመረበት ኖራ ሳያገኝ የኖረው ቁራሽ አፈሩ አሲዳማ ሆኖ የቀሩት ሁለት ሦስት ዓይነት ብቻ ናቸው። ማዳበሪያው ጥቂት ጉልበተኛ ሣሮችን ያፋፋል፤ ሌላው ሁሉ በጥላቸው ሥር ያልቃል። ከማሳ ታጥቦ ወደ ጨፌ የሚወርደው ዩሪያም የሚገፋው ወደዚያው ነው።

ማገጥን እንደ አረም

ስለ ማገጥ ትንሽ ልበል። ማገጥ ከሽምብራና ከባቄላ ወገን ነው። ሥሩ ላይ ካሉ ባክቴሪያዎች ጋር ሆኖ ከአየር ላይ ናይትሮጂን ወስዶ ወደ አፈር ያስገባል። በዶላር ገዝተን፣ በመርከብ ጭነን፣ በወረፋ የምናከፋፍለውን ናይትሮጂን እሱ በነፃ ይሠራዋል። ኢትዮጵያ ወደ 30 የሚጠጉ የማገጥ ዝርያዎች አሏት፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ በዓለም ላይ ሌላ የትም አይገኙም። እ.ኤ.አ. በ1974 የተቋቋመውና በኋላ ወደ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም የተዋሐደው የአፍሪካ እንስሳት ምርምር ማዕከል፣ እዚሁ አዲስ አበባ ተቀምጦ የእነዚህን ማገጦች ዘር ሲሰበስብና ሲያጠና ኖሯል። በማቀዝቀዣ የተቀመጠ ዘር አለን ማለት ነው። ዘሩ የተለቀመበትን መስክ ግን «ጦሙን አድሯል» ብለን እናርሰዋለን።

ማገጥ ሲጠፋ ከብቱ የሚያጣው ፕሮቲን ነው። ጭድ ሆድ ይሞላል፣ ወተት ግን አያወርድም። አዲስ አበባ ላይ አንድ ሊትር ወተት ስንት ገባ እያላችሁ ስታማርሩ፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ከከተማው ወጣ ብሎ የታረሰው ጨፌ መሆኑን አስታውሱ።

መሬት ለማን?

ይህ አስተሳሰብ ከየት መጣ? በከፊል ከምንኮራበት ታሪካችን ነው። የካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። በ1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠር መሬትን ሁሉ የሕዝብ አደረገ። ጭሰኝነትን ያስቀረ ትልቅ ለውጥ ነበር፤ ማንም እንዲመለስ አይመኝም። ግን መፈክሩን ደግማችሁ አንብቡት። መሬት ለማን? ላራሹ። ለሚያሰማራው፣ ለሚያጭደው፣ አክርማ ለምትነቅለው አላለም። ማረሻ የባለቤትነት ማስረጃ ሆነ። ያላረስከው መሬት ያንተ አይደለም፤ ነገ ሌላው ያርሰዋል። ታዲያ ማን ሞኝ ነው መስኩን የሚጠብቅ?

ሕጉም ከዚህ መንፈስ አልወጣም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456፣ መንግሥት የመሬት ባለቤት በመሆኑ የወል ይዞታን እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ግል ይዞታ ማዞር እንደሚችል በግልጽ ይናገር ነበር። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በሌላ ተተክቷል፤ ልማዱ ግን መንደር ውስጥ ሥር ሰዷል። ወጣቱ መሬት ሲጠይቅ ለባለሥልጣን ከሁሉም የሚቀለው መስኩን ሸንሽኖ መስጠት ነው። በጀት አይጠይቅም፣ ከማንም ማሳ አይቀነስም፣ ሪፖርት ላይ ደግሞ «ለይህን ያህል ወጣት የሥራ ዕድል ተፈጠረ» ይባላል።

ቆላውም ከዚህ አላመለጠም። ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በአዋሽ ዳርቻ የጥጥና የሸንኮራ እርሻዎች ሲስፋፉ ለእርሻ የተመረጠው ወንዙ እየሞላ የሚያጠጣው ሜዳ ነበር። ያ ሜዳ ለአፋር አርብቶ አደር የበጋ መጠጊያ ነው፤ ሌላው ቦታ ሲደርቅ ሣር የሚገኝበት። ክረምት ላይ ያዩት ሰዎች «ማንም የለበትም» አሉት። ባለቤቶቹ የሌሉት ሣሩን ለበጋ ሊያሳርፉት ስለሄዱ ነው። ከዚያ በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ ፕሮሶፒስ የተባለው ባዕድ ዛፍ መጣ። ዛሬ የተረፈውን ግጦሽ እሾሃም ጫካ አድርጎታል።

መንዝ ላይ የኖረው ሥርዓት

«ታዲያ ምን እናድርግ?» ለምትሉ መልሱን ፍለጋ ውጭ አገር መሄድ አያስፈልግም። መንዝ ሂዱ። ጓሳ የሚባለው አምባ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ የሣር ምድር ነው። ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። ጓሳ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ለእረኛ የዝናብ ልብስ ይሠራበታል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮም እዚያው ይኖራሉ።

ይህ ምድር እስከ ዛሬ የቆየው በአጋጣሚ አይደለም። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአስቦና የጌራ ተወላጆች በቄሮ ሥርዓት ጠብቀውት ነው። የዛሬው ፖለቲካ «ቄሮ» የሚለውን ቃል በሌላ ነገር ያውቀዋል፤ መንዝ ላይ ግን የሣር ሕግ ነበር። አለቃ ይመረጣል፣ መስኩ ይዘጋል፣ አንዳንዴ ለሦስትና ለአምስት ዓመት ይዘጋል። ሲከፈት ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይታወጃል። ክረምት ሲገባ መልሶ ይዘጋል። የጣሰ ይቀጣል። ልብ በሉ፣ እነዚህ ሰዎች ገበሬዎች ናቸው፣ ያርሳሉ። ግን የሚታረሰውንና የማይታረሰውን ለይተው ያውቁ ነበር።

የ1967ቱ አዋጅ ይህን ሥርዓት አፈረሰው። መስኩ የሁሉም ሆነና ጠባቂ አጣ፤ ሣሩ ተመናመነ። ሕዝቡ ጉዳቱን አይቶ በኋላ በኮሚቴ መልክ ጥበቃውን መለሰው፤ ዛሬ ጓሳ ያለው በዚያ ምክንያት ነው። ሥርዓቱ እንከን የለሽ ነበር አልልም። መብቱ በዘር ሐረግ ላይ የተመሠረተ ስለነበር ተወላጅ ያልሆነውን ያገልል ነበር። መስተካከል የነበረበት ማን ተጠቃሚ ይሁን የሚለው ነው። እኛ ግን ከአድልዎው ጋር ጥበቃውንም አብረን ጣልነው።

«ሕዝቡ ምን ይብላ?»

ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ ተገቢም ነው። ሕዝቡ ጨምሯል፣ ወጣቱ መሬት የለውም፣ ስንዴ ከውጭ መግዛት አገር ያዋርዳል። በእነዚህ ሁሉ እስማማለሁ። እርሻ ይቁም የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። መስኩ ከመታረሱ በፊት ገነት ነበር አልልም። የእኛም መስክ በከብት ብዛት ተረግጦ፣ ከብት የሚጠላው ሸካራ ሣር እየበዛበት ነበር።

ነገር ግን መስክ ራሱ የምግብ ሥርዓታችን አካል ነው። አገሩ አሁንም በአብዛኛው የሚያርሰው በበሬ ነው። በሬ ሣር ይበላል። ሣር ሲጠፋ በሬ ይሸጣል፣ ወተት ይቀንሳል፣ የተረፈው እበት ኩበት ሆኖ ይነድዳል፣ ማሳው ፍግ ያጣል። ከዚያ ማዳበሪያ እንገዛለን። በ2014 ዓ.ም. የዩክሬን ጦርነት ሲነሣ የማዳበሪያ ዋጋ ምን እንደሆነ ማንም ገበሬ አይረሳውም። ስለዚህ «መስክ ወይስ እንጀራ» የሚለው ምርጫ ውሸት ነው። እውነተኛው ጥያቄ ለሁለት ሦስት ዓመት ጥሩ ገብስ ብለን የስንት ዘመን መስክ እንሰጣለን የሚለው ነው።

እንግሊዞች ይህን ሞክረውታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መንግሥታቸው እንደኛው «ማንኛውም መሬት ይታረስ» ብሎ ዘመተ፤ ከጦርነቱም በኋላ ቀጠለ። እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ድረስ እንግሊዝና ዌልስ በአበባ የበለጸገ መስካቸውን 97 በመቶ አጡ። ዛሬ የጠፋውን መስክ መልሶ ለሚዘራ ገበሬ ገንዘብ ይከፍላሉ። እነሱ ገንዘብ አላቸው። እኛ ነገ በምን እንከፍላለን?

የምጠይቀው

አንደኛ፣ እያንዳንዱ የወል መስክ በስሙና በካርታው ተመዝግቦ፣ እንደ ግል ማሳ ሁሉ የይዞታ ደብተር ይሰጠው። ስም የሌለው መሬት ጠበቃ የለውም።

ሁለተኛ፣ መስክ ከመሸንሸኑ በፊት ምን እንደበቀለበትና ማን እንደሚጠቀምበት ይቆጠር። ቆጠራው ላይ ከብት ያላቸው ወንዶች ብቻ ሳይሆኑ ሣር ለስፌት የሚለቅሙ ሴቶችም ይጠየቁ። በእኛ መንደር አያቴን የጠየቃት የለም።

ሦስተኛ፣ መሬት ለሌለው ወጣት መስኩን አርሶ ለመበተን ሳይሆን ጠብቆ ለመጠቀም ድርሻ ይሰጠው። ዘግቶ፣ አጭዶ፣ ድርቆሽ ሸጦ፣ ከብት አደልቦ መኖር ይቻላል። በዚህ የመኖ ዋጋ ድርቆሽ ከገብስ የማያንስ ገንዘብ የሚያመጣበት ቦታ ጥቂት አይደለም።

አራተኛ፣ የግብርና ባለሙያው ቱ ፎር ዲ ሲያከፋፍል፣ በማሳ ዳርና በመስክ ላይ እንዳይረጭ አብሮ ያስተምር። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

አምስተኛው ለእኛ ለጋዜጠኞች ነው። «ጦሙን ያደረ መሬት» የምትለዋን ሐረግ ከብዕራችን እናውጣት። ቢያንስ ኃላፊው ሲናገራት «ምን በቅሎበት ነበር?» ብለን እንጠይቅ።

ባለፈው ለእንቁጣጣሽ አገር ቤት ገብቼ ነበር። የወንድሜ ልጅ አምስት ዓመቷ ነው። አደይ ለማምጣት ከእኔ ጋር ወጣች። በልጅነቴ ከበር ወጥቼ አቅፌ የምመለሰውን አበባ ፍለጋ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሄደን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ጥቂት አገኘን። ማታ ይህን ለወንድሜ ስነግረው ዝም ብሎ ቆየና «ወንድም ጋሼ፣ ለእኔ ሌላ መሬት ቢኖር ኖሮ መስኩን እኔ ራሴ እዘጋው ነበር» አለኝ። አምነዋለሁ።

አህያ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» አለች ይባላል። በእሷ ስንስቅ ኖረናል። እሷ ግን ያለችው ከሞትኩ በኋላ ነው፤ እኛ በቁማችን እያደረግነው ነው።

በየአካባቢያችሁ የነበረና አሁንም ያለ መስክ ካለ ስሙን፣ የሚበቅልበትን ሣርና አበባ በአካባቢያችሁ አጠራር ከታች ጻፉልኝ። ጎጃም ያላችሁ፣ ልጃገረዶቹ ዘንድሮ ለእንግጫ ነቀላ የወረዱት ወዴት እንደሆነ ንገሩኝ። እሰበስበዋለሁ፤ ቢያንስ እኛ ዘንድ ተመዝግቦ ይቆይ።